አንድ ጎማ ብቻ ሲሸት፦ ነክሶ የቀረ የፍሬን ካሊፐርን ስለማላቀቅ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከሐረር ወደ ድሬዳዋ ስትወርዱ የደንገጎ ጠመዝማዛ አልቆ መንገዱ ሜዳ ሲሆን መስኮት ትከፍታላችሁ። ንፋሱ ይሞቃል፤ እሱ የታወቀ ነው። ከንፋሱ ጋር የተቃጠለ ነገር ከሸተታችሁ ግን፣ ያውም ከአንድ ጎማ በኩል ብቻ፣ ቀጥሎ ያለውን አንብቡ።

እኔ መካኒክ አይደለሁም። ሕዝቡ ዲኤክስ የሚላት አሮጌ ኮሮላ አለችኝ፤ እሷን ስፈታና ስገጥም ዓመታት አልፈዋል። ጎረቤትና ጓደኛ ይህን ስለሚያውቅ ፍሬኑ ሲነክስበት እኔ ጋ ይመጣል። የሚጠይቀኝ ሁሌም ተመሳሳይ ስለሆነ እዚህ ሰብስቤዋለሁ። ካሊፐር ማለት ዲስኩን ጨብጦ ጎማውን የሚያቆመው የፍሬን ክፍል ነው፤ ነከሰ የምንለው እግር ተነስቶም ሳይለቅ ሲቀር ነው። ተጥለው ካየኋቸው ካሊፐሮች ብዙዎቹ ገና አልሞቱም ነበር። ጥፋቱ የአንዲት ፒን ወይም የአንድ የላስቲክ ቱቦ ሆኖ ሳለ የተፈረደበት ካሊፐሩ ነው።

ፍሬኔ መንከሱን በምን አውቃለሁ?

በሜዳ መንገድ ላይ አሥር ደቂቃ ያህል ንዱ፤ ፍሬን ብዙ አትርገጡ። ስትቆሙም ነዳጅ ለቃችሁ ራሷ እንድትቆም ተዉአት። ከዚያ ውረዱና የእጃችሁን ጀርባ ወደ ቸርኬው አስጠጉ። አትንኩ፣ አስጠጉ ብቻ። የፊት ግራውን ከፊት ቀኙ ጋር አወዳድሩ። የፊቱን ከኋላው ጋር ማወዳደር አይጠቅምም፤ ብዙውን ሥራ የሚሠራው የፊት ፍሬን ስለሆነ ምንጊዜም ይበልጥ ይሞቃል። አንዱ ከጥንዱ በግልጽ ከበለጠ ግን ነገር አለ።

ሁለተኛው ምልክት መሪው ነው። ፍሬን ሳትረግጡ መኪናዋ ወደ አንድ በኩል ከሳበች፣ በዚያ በኩል ያለው ነክሷል። ስትረግጡ ብቻ የምትስብ ከሆነ ግን ተቃራኒውንም ጠርጥሩ። የዚያኛው ፒስተን ተቀርቅሮ ሥራውን ትቶ ሊሆን ይችላል። ብዙ ሰው ጤነኛውን የሚፈታው እዚህ ላይ ነው።

በክሪክ አንስታችሁ ጎማውን በእጅ ስታዞሩት ትንሽ ሸር ሸር ቢል ጤና ነው። ታግላችሁ የምታዞሩት ከሆነ በሽታ ነው። የሚያጓራ ድምፅ ካለው ደግሞ ቀድማችሁ ኩሽኔታውን እዩ፤ እሱም ሲበላሽ ጎማ ያሞቃል።

ግን ለምንድን ነው የሚነክሰው? ድሬ ደረቅ አይደለች እንዴ?

ፔዳሉን ስትረግጡ የፍሬን ዘይት ፒስተኑን ይገፋዋል፤ ፒስተኑ ሸራውን፣ ማለትም እየተፋተገ የሚያቆመውን ክፍል፣ ዲስኩ ላይ ያጣብቀዋል። እግራችሁን ስታነሱስ ማን ይመልሰዋል? ብዙ ሰው ውስጡ ስፕሪንግ ያለ ይመስለዋል። የለም። የሚመልሰው በካሊፐሩ ውስጥ ባለች ቦይ የተቀመጠ ጎሚኒ፣ ማለትም የላስቲክ ቀለበት፣ ነው። ፒስተኑ ሲወጣ ጎሚኒው አብሮት ይጣመማል። ግፊቱ ሲቀር ወደ ቦታው ሲመለስ ፒስተኑንም ይዞት ይመለሳል። ርቀቷ ከአንድ ሚሊሜትር በታች ናት። ጎሚኒው ከደረቀ፣ ከጀርባው ዝገት ከተጋገረ ወይም ፒስተኑ ከዛገ፣ ያቺ ቅንጣት ርቀት ትጠፋለች። ሸራው ዲስኩን እንደነካ ይቀራል፤ ይሞቃል፤ ሙቀቱ ጎሚኒውን ይበልጥ ያደርቀዋል። ከዚያ በኋላ በሽታው ራሱን ይመግባል።

ስለ ደረቅነት የተባለው እውነት ነው፤ ግን የፍሬን ዘይት እርጥበት ከአየር ይስባል። የተለመዱት ዶት 3 እና ዶት 4 ሁለቱም እንዲያ ናቸው። ዓመታት ሲቆይ ውሃው ካሊፐሩ ውስጥ ያድራል፤ ዝገቱን ከውስጥ ይጀምራል። ከውጭ ደግሞ ፒስተኑን የሚሸፍነው የአቧራ ላስቲክ አለ። የድሬ ሙቀት ላስቲክ አይምርም። አንዴ ከተሰነጠቀ ከደቻቱ ወንዝ አሸዋ የሚነሳው አቧራ ይገባል፤ ክረምት ሲመጣ ደግሞ ጭቃው። ከሁሉ የከፋችው ግን ቆማ የከረመች መኪና ናት። «ባለቤቷ ውጭ አገር ስለሆነ አልተነዳችም» ብሎ ደላላው ሲያሞግሳት እኔ ካሊፐሯን ነው የማስበው።

የነከሰው ካሊፐሩ ራሱ መሆኑን እንዴት እለያለሁ?

ከሁሉም የምወደው ጥያቄ ይህ ነው፤ ገንዘብ የሚተርፈው እዚህ ጋ ነውና።

የራሴን ጉድ ልናገር። የኮሮላዬ የፊት ቀኝ ነክሶ አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። «ካሊፐሩ አልቋል» ተባልኩ። ገዛሁ፣ ተገጠመ። ሳምንት ሳይሞላ ያው ጎማ ጨሰ። ጥፋተኛው ለካ ከካሊፐሩ ጋር የሚገናኘው የላስቲክ ቱቦ ነበር። ቱቦው ሲያረጅ በውጭ ደህና ይመስላል፤ ውስጡ ግን አብጦ ይዘጋል። በእግር ግፊት ዘይቱን ያሳልፈዋል፤ ሲመለስ ግን አያሳልፈውም። ካሊፐሩ የታሰረው ከውጭ ነበር ማለት ነው።

እንዲህ ፈትሹ። የኋላ ጎማዎቹን በድንጋይ አስደግፉ። መኪናዋን በክሪክ አንሱና በብረት መቆሚያ ላይ አሳርፉ። በክሪክ ብቻ የተያዘች መኪና ስር አትግቡ፤ ድንጋይ ደርድሮ ማሳረፍም ይቅር፣ ድንጋይ ይሰነጠቃል። ማርሹን ነፃ አድርጉ። ሰው ፔዳሉን ደጋግሞ በደንብ ረግጦ ይልቀቅ። ጎማው ከነከሰ የካሊፐሩን የአየር ማስወጫ ቡሎን ሩብ ዙር ፍቱ፤ ጫፉ ላይ ቀጭን ቱቦ ሰክታችሁ ወደ ጠርሙስ አስገቡት።

ዘይት ፊጭ ብሎ ጎማው ወዲያው ከተፈታ፣ ውስጥ የታሰረ ግፊት ነበር። ካሊፐሩ ንፁህ ነው። ቡሎኑን ዘግታችሁ እንደገና አስረግጡ። አሁን ደግሞ የብረቱ ቱቦ ከላስቲኩ ጋር የሚገናኝበትን ፍቱ። ጎማው እዚያ ላይ ካልለቀቀ ቱቦው ተዘግቷል። ከለቀቀ ችግሩ ከዚያ በላይ ነው። ሁለቱም የፊት ጎማዎች አብረው የሚነክሱ ከሆነማ መጀመሪያ ፍሬን ማስተሩን፣ ማለትም ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን የሚገፋውን ክፍል፣ እዩ። ፔዳሉ ከላይ ትንሽ ባዶ ጨዋታ ከሌለው ማስተሩ ሙሉ በሙሉ አይመለስም፤ ዘይቱ መመለሻ ያጣል።

የማስወጫው ቡሎን ተፈትቶም ጎማው እንደነከሰ ከቀረ ግን የያዘው ብረት ነው። ያኔ ወይ ፒኑ ነው ወይ ፒስተኑ። ሸራዎቹን አውጥታችሁ እዩ። አንዱ ሸራ በአንድ ጫፍ ቀጥኖ በሌላው ወፍሮ እንደ ሽብልቅ ከሆነ ከሁለቱ ፒኖች አንዱ ቆሟል።

ፒኖቹን እንዴት ላላቅቅ?

በአሮጌ ቶዮታ ላይ ካሊፐሩ በሁለት ፒኖች ላይ ወዲያና ወዲህ ይንሸራተታል። ፒኑ ከደረቀ ካሊፐሩ አይንሸራተትም፤ ሸራው ዲስኩን አይለቅም። ደስ የሚለው፣ ከሁሉም ቀላሉ ሥራ ይህ ነው።

ካሊፐሩን ከፈታችሁ በኋላ በላስቲክ ቱቦው እንዳይንጠለጠል። በሽቦ ከባላስትራው ወይም ከሞላው ጋር እሰሩት። ፒኑ እምቢ ካለ ዝገት ማላቀቂያ ስፕሬይ ርጩበትና ተዉት። ቡና አፍሉ። ተመለሱና በቁልፍ ወዲያና ወዲህ አዙሩት፤ በቀጥታ ለመንቀል አትታገሉ። ሲዞር ይመጣል። መዶሻ የመጨረሻው ነው፤ እሱም በእንጨት ላይ።

ከወጣ በኋላ ፒኑንም ቀዳዳውንም እስኪያበራ አጽዱ። የተቆፈረ ፒን ይለወጥ። ሁለቱ ፒኖች ብዙ ጊዜ መንታ አይደሉም፤ አንደኛው ጫፉ ላይ ላስቲክ ይኖረዋል። የላይና የታቹን ቦታ ካቀያየራችሁ እንደገና ይነክሳል፤ ስለዚህ ስትፈቱ ፎቶ አንሱ። ስስ አድርጋችሁ ግሪስ ቀቡ። ቀዳዳውን በግሪስ ከሞላችሁት አየሩ መውጫ አጥቶ ፒኑን መልሶ ይገፋዋል።

ማንኛውም ግሪስ ይሆናል?

አይሆንም። የኩሽኔታ ግሪስ ከነዳጅ ዘይት የተሠራ ነው። የፍሬን ላስቲኮች ደግሞ የነዳጅ ዘይት ሲነካቸው ያብጣሉ። ያበጠ ላስቲክ ፒኑን አንቆ ይይዘዋል፤ ከሁለት ወር በኋላ «ግሪስ ቀብቼው ነበር እኮ» ትላላችሁ። ለፍሬን የተሠራ የሲሊኮን ግሪስ ግዙ። ትንሽ ቱቦው ለዓመታት ይበቃል።

በዚሁ ምክንያት ላስቲኩን በቤንዚን ወይም በናፍታ አትጠቡ። ለላስቲኩ አልኮል ወይም ንፁህ የፍሬን ዘይት ነው የሚሆነው። ስለ ማጽዳት ካነሳን፣ የሸራውን ዱቄት በኮምፕሬሰር አትንፉት። በአሮጌ ሸራ ውስጥ አስቤስቶስ ሊኖር ይችላል፤ ሳንባ ይጎዳል። በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት።

ፒስተኑ አልወጣ አለ። ምን ላድርግ?

መኪናዋ ራሷ የምትሰጣችሁን ጉልበት ተጠቀሙ። ካሊፐሩን ከዲስኩ አውርዱ፤ ቱቦውን ግን አትንቀሉ። በፒስተኑ ፊት የእንጨት ቁራጭ አስገቡ። ሰው ፔዳሉን በዝግታ ይርገጥ። የዘይት ግፊት ካሊፐር ውስጥ ኃይለኛ ነው፤ በመዶሻና በፒንሳ የማይወጣውን ፒስተን ቀስ አድርጎ ያወጣዋል። ከፔዳሉ ስር ቁራጭ እንጨት አድርጉ። አሮጌ ማስተር እስከ ወለሉ ከተረገጠ ጎሚኒው የዛገውን ክፍል ፍቆ ሊበላሽ ይችላል። ያኔ አንዱን ስትጠግኑ ሌላ ወለዳችሁ ማለት ነው።

ካሊፐሩ ተነቅሎ ካለቀ በኋላ ከሆነ የኮምፕሬሰር አየር ይሠራል፤ ግን ይህኛው ያስፈራኛል። ፒስተኑ እንደ ጥይት ነው የሚወጣው። ጣት መሃል ላይ ካለ ጣት የለም። እንጨት አድርጉ፣ ግፊቱን ዝቅ አድርጋችሁ ጀምሩ፣ እጃችሁን አርቁ።

ፒስተኑን ዙሪያውን በፒንሳ አትንከሱት። ጎሚኒው የሚጫነው በዚያ ገጽ ላይ ነው። በአንድ ካሊፐር ላይ ሁለትና ከዚያ በላይ ፒስተን ካለ፣ እንደ ላንድክሩዘር ዓይነቱ፣ የላላው ቀድሞ ይወጣና ግፊቱ ይጠፋል። የወጣውን በሞርሳ ያዙትና የቀረውን አስገፉ። የእነዚህን ካሊፐር ለሁለት አትክፈሉት።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የእጅ ፍሬን ያለው የኋላ ካሊፐር ከሆነ፣ ብዙዎቹ ላይ ፒስተኑ የሚገባው እየተጠመዘዘ ነው። በሞርሳ ከጨመቃችሁት ውስጡን ትሰብሩታላችሁ።

የዛገውን ፒስተን በብርጭቆ ወረቀት ባጸዳውስ?

እንደ ዝገቱ ነው። ጥፍራችሁን በገጹ ላይ አሂዱ። ምንም ካልያዛችሁ እድፍ ብቻ ነው፤ በአልኮልና በጨርቅ ይለቃል። ጥፍር የሚይዝ ጉድጓድ ካለ ፒስተኑ አልቋል። አብዛኛው የብረት ፒስተን በክሮም የተለበጠ ነው። ልባጩን በወረቀት ከፋቃችሁት ዛሬ ያበራል፣ ከርሞ ይዝጋል።

ካሊፐሩ ውስጥ ያለው ግድግዳ ግን ይቅርታ ያውቃል። በአብዛኛው መኪና ጎሚኒው የተቀመጠው በግድግዳው ቦይ ነው፤ የሚዘጋውም ፒስተኑ ላይ ነው። ስለዚህ ግድግዳው ላይ ያለች ትንሽ ጠባሳ አትገድልም። ቁጥሩ ከ600 በላይ በሆነ ወረቀት በቀስታ አጽዱት። ዋናው ጽዳት የጎሚኒው ቦይ ነው። እዚያ የተጋገረው ነጭና ቡናማ ቅርፊት ነው ጎሚኒውን ወደ ውስጥ ገፍቶ ፒስተኑን ያነቀው። በተቀረጸ እንጨት ፈልፍሉት፤ ካቻቢቴ አይሁን፣ ይጭረዋል። በቀትር የምትሠሩ ከሆነ ጥላ ፈልጉ፤ ድሬ ላይ ከ6 ሰዓት በኋላ ብረት በባዶ እጅ አይያዝም።

አንዳንዱ ፒስተን ቶርኖ ቤት አስወጣ ይላል። ይህች የምድር ባቡር ከተማ ናት፤ እጀ ወርቅ ቶርኖ ሠራተኛ አታጣም። ግን ልኩ በመቶኛ ሚሊሜትር የሚቆጠር ነው፣ ገጹም መስታወት መምሰል አለበት። ፒስተንና ኪት (የአዲስ ጎሚኒና ላስቲክ ስብስብ) ገበያ ላይ እያለ እኔ አልሞክረውም።

አዲሱ ጎሚኒ በደረቁ አይገባም። ንፁህ የፍሬን ዘይት አርሱት፣ ፒስተኑንም እንዲሁ። በአውራ ጣት ግፊት ቀጥ ብሎ መግባት አለበት። ካጋደለ አውጡትና እንደገና ጀምሩ።

የአየር ማስወጫው ቡሎን እንዳይሰበር እፈራለሁ

መፍራታችሁ ልክ ነው። ክፍት ቁልፍ አትጠቀሙ፤ ስድስት ጎን ያለው ሶኬት ይሁን። በመዶሻ ጫፉን ቀስ እያላችሁ ምቱት። መጀመሪያ ወደ ማጥበቅ ትንሽ ግፉት፣ ከዚያ ወደ መፍታት። ይህን ፈተና ካሊፐሩ መኪናዋ ላይ እያለ አድርጉት፤ ተነቅሎ ከሆነ የሚይዘው ታጣላችሁ።

ሰው የሞተር ዘይት የፍሬን ዘይት ዕቃ ውስጥ ጨመረበት

ይህ የጎረቤቴ ታሪክ ነው። መንገድ ላይ ዘይቱ ጎደለና አንድ ሩኅሩኅ ሰው «አቦ፣ ዘይት ያው ዘይት ነው!» ብሎ ሞላለት። ከቀናት በኋላ አራቱም ጎማ ያዘ። ከማስተሩ እስከ ካሊፐሩ ያለው ላስቲክ ሁሉ አብጦ ነበር። በማጠብ አይድንም። ማስተሩ፣ ካሊፐሮቹ፣ የኋላዎቹ ፍሬን ሲሊንደሮች፣ የላስቲክ ቱቦዎቹ፣ የዘይት ዕቃው ክዳን ላስቲክ ሳይቀር ይለወጣል፤ የብረት ቱቦዎቹ በአልኮል ይታጠባሉ።

ከተጠራጠራችሁ ከዕቃው ጥቂት ቀድታችሁ በብርጭቆ ውሃ ላይ ጣል አድርጉት። የተለመደው የፍሬን ዘይት ከውሃ ጋር ይዋሃዳል። የሞተር ዘይት ላዩ ላይ ይንሳፈፋል።

ሁሉን ገጥሜ ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ሆነብኝ

አየር አለ። ከማስተሩ ከሚርቀው ጎማ ጀምሩ፤ በእኛ አገር መኪና ብዙ ጊዜ የኋላ ቀኙ ነው። ከዚያ የኋላ ግራ፣ የፊት ቀኝ፣ የፊት ግራ። ዕቃው መሃል ላይ ባዶ እንዳይሆን እየሞላችሁ።

ሙሉ ጠርሙስ ጨርሳችሁም ካልጠነከረ የማስወጫው ቡሎን የት እንዳለ እዩ። ላይ መሆን አለበት። የግራና የቀኝ ካሊፐር ተቀያይረው ከተገጠሙ ቡሎኑ ታች ይሆናል፤ አየር ደግሞ ላይ ነው የሚቀመጠው። እስከ ማታ ብትረግጡ አይወጣም። እንዳይስቅብኝ ለማንም አልተናገርኩም እንጂ እኔም ላይ ደርሷል።

የፍሬን ዘይት ቀለም ያበላሻል። ፈስሶ ከነካ በውሃ ቶሎ እጠቡት።

ዶት 3 ወይስ ዶት 4?

ክዳኑ ላይ የተጻፈውን ተከተሉ። ዶት 3 የሚጠይቅ መኪና ዶት 4 ቢገባበት ችግር የለውም። ደረጃው የሚጠይቀው ዝቅተኛ የመፍያ ሙቀት አዲስ እያለ ለዶት 3 205 ዲግሪ፣ ለዶት 4 230 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። እርጥበት ሲጠጣ ወደ 140 እና 155 ይወርዳል። ደንገጎን በሦስተኛ ማርሽ ሳይሆን በፍሬን ብቻ የሚወርድ ሰው እነዚህን ቁጥሮች ቢያስባቸው ጥሩ ነው። ዘይቱ ከፈላ እንፋሎት ይሆናል፤ ፔዳሉ ወለል ይነካል። በየ2 ዓመቱ ለውጡት። ዶት 5 የተባለው ግን ሲሊኮን ነው፤ ከሌሎቹ ጋር አይቀላቀልም።

ሐረር ላይ ፔጆ 404 አለኝ። ይህ ሁሉ ለእኔም ይሠራል?

አብዛኞቹ 404 በአራቱም ጎማ ታምቡር ናቸው፤ ሸራው ከበሮ በሚመስል ብረት ውስጥ ተከፍቶ ነው የሚያቆመው፣ ካሊፐር የላቸውም። የኋለኞቹ ከፊት ዲስክ አላቸው። ቸርኬውን አውርዳችሁ እዩ። ታምቡር ከሆነ ስለ ዘይት፣ ስለ ላስቲክ ቱቦና ስለ ግሪስ ያልኩት ይሠራል፤ ሌላው ሌላ ጨዋታ ነው።

አንዱን ጎን ብቻ ብሠራስ?

ኪቱን ለሁለቱም ግዙ። ሸራ ግን በምንም ዓይነት በአንድ ጎን ብቻ አይለወጥም።

መንገድ ላይ ከነከሰብኝስ?

ዳር ያዙ፣ ይቀዝቅዝ። ውሃ አትድፉበት፤ የጋለ ዲስክ ይጣመማል፣ ሊሰነጠቅም ይችላል። ሲቀዘቅዝ የማስወጫውን ቡሎን ትንሽ ከፍታችሁ ግፊቱን አውጡና ዝጉ። ጎማው ከተፈታ ፔዳሉን ሞክሩት፤ ጠንካራ ከሆነ በዝቅተኛ ማርሽ ቀስ ብላችሁ ቅርብ ያለው ከተማ ድረስ መሄድ ይቻላል። ከፊታችሁ ቁልቁለት ካለ ግን አትሞክሩት። የሚጎትት ፈልጉ።

የፈታሁትን አሮጌ ካሊፐር ልጣለው?

ለቁራሌው አትስጡት። ኪት ሲገኝ ታድሱታላችሁ፤ በሚቀጥለው ጊዜ አንዱን አውርዶ አንዱን መስቀል ነው። እኔ ያንን በስህተት የተፈረደበትን የኮሮላዬን ካሊፐር አጽድቼ አዲስ ጎሚኒ አግብቼበት በጋዜጣ ጠቅልዬዋለሁ። አልጋ ስር ነው ያለው። ባለቤቴ ቤት ስትጠርግ በመጥረጊያው ትገፋዋለች፣ እኔ መልሼ አስገባዋለሁ።